የአባባ ደም አያጭበረብርም

ጥቅምት 6

አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም። "ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም" የሚለው ወረቀት ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። ለጊዜው ማለት ስንት ጊዜ ነው?

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አገኘኋቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ግድግዳውን በጣም በቁም ነገር ያያሉ።

"አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ግድግዳውን እየፈተንኩ።"

"አለፈ?"

"ወድቋል። ቀለሙ ተላልጧል።"

ጉልበታቸው አላስኬድ ብሏቸው ነው የቆሙት። እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ፣ ግድግዳውም ሳያውቅ አይቀርም። ቦርሳዬን አስቀምጬ አብሬያቸው ግድግዳ ፈተንኩ። ከዚያ ቀስ እያልን ወደ አራተኛ ወጣን። በየደረጃው አንድ "እህ"። አንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለት።

አያቴ ጡረታ እስኪወጡ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ። የከተማውን ግማሽ ጥለዋል። ማጋነኔ አይደለም፤ አብሬያቸው መንገድ ስወጣ ሰው ፊቱን ያዞራል። የሚጥሉበት ቃል ደግሞ ሁሌም አንድ ነው። "ሞተር አጥፋ። ውረድ።" በቃ። ከዚያ መሪውን ራሳቸው ይዘው ይመለሳሉ፣ ተፈታኙ ከኋላ ወንበር ላይ አፍንጫውን ይስባል።

እማዬን "ላለፉትስ ምን ይሏቸው ነበር?" ብላት፣ "እኔ እንጃ፣ ያለፈ ሰው አግኝቼ አላውቅም" አለችኝ።

እማዬ ራሷ መንጃ ፈቃድ የላትም። ማን እንደፈተናት አይጠየቅም።

ጥቅምት 9

አጥንት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ የራጁን ፊልም መብራት ላይ ሰቅሎ "ይህ ጉልበት አልቋል" አለ።

"ስንት ዓመት እንደሠራ ታውቃለህ?" አሉ አባባ፣ ጉልበታቸው የተሰደበ ያህል ተቆጥተው።

አዲስ ጉልበት ይገባላቸዋል። ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ። የአባባ የመጀመሪያ ጥያቄ፦ "ዋስትና አለው?" ግን መጀመሪያ የደም ምርመራ አለ። ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ደግሞ ሲአርፒ የሚባል… ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳይ። ብግነት ሰውነት የሆነ ቦታ ላይ ሲቆጣ ነው አለ ሐኪሙ። እሱ ቁጥር ከፍ ካለ፣ ስኳሩም ካልተስተካከለ፣ ቀዶ ጥገና የለም። አዲሱ ጉልበት ሊያመረቅዝ ይችላላ።

አመሻሽ ላይ አክስቴ ደወለች። የአባባ ትልቋ ልጅ ናት። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፣ ስልክ ግን የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። መስኮቷን ከፍታ ብትናገር ይሰማናል።

"ኦፕራሲዮኑ ካልሆነ እኔ ጋ ነው የሚመጡት! የእኔ ቤት ምድር ነው! ደረጃ የለው፣ ምን የለው! አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ርግብ ሰቅላችኋቸው!"

እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ያልተከራከረችው እህቷ ትክክል ስለሆነች ነው። አባባ ለመውረድ ግማሽ ጠዋት፣ ለመውጣት ግማሽ ከሰዓት ይፈጅባቸዋል።

እኔ ምን ቸገረኝ? ቢሄዱ ክፍሉ የእኔ ብቻ ይሆናል። ማንኮራፋት የለ። "መብራት አጥፊ፣ ባትሪ ትጨርሻለሽ" የለ። ክላክስ እያሉ የሚጠሩኝም የለ። (አፌ ስለማያርፍ ነው ያወጡልኝ።)

ጥሩ ነው እኮ።

አይደለም።

ጥቅምት 11

አባባ ለደም ምርመራው እያጠኑ ነው!!!

ቀልዴን አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ሻይ ያለ ስኳር። ምሳ ጎመን፣ ራት ጎመን። ኮሪደሩን በከዘራ ወዲያ ወዲህ። በሌላ ጊዜ ሻያቸው ውስጥ ማንኪያ ሲተክሉ ማንኪያው ቆሞ ይቀራል።

"አባባ፣ ይሄ ማጭበርበር አይደለም?"

"ዝግጅት ነው።"

"ፈተና ሲደርስበት መንዳት የጀመረ ሰው ቢመጣብዎትስ?"

"ገና በር ሲከፍት አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ሐኪሙ አያውቅም?"

"እሱ ልጅ ነው። ፍሬቻ እንኳን ሳያሳይ ነው ክፍል የሚገባው።"

ጥቅምት 13

ደም ተሰጠ። በባዶ ሆድ።

ደም የምትቀዳዋ ሴትዮ ሰፊ ናት፣ ድምፅዋ ግን የሕፃን ማስተኛ ነው። ክንዳቸውን በጎማ አሰረች፣ "ጡጫዎን ይጨብጡ አባቴ" አለች። አባባ ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ።

"ፊት ለፊት ይመልከቱ እንጂ" አልኳቸው። "መንገዱ እዚህ ነው።"

"ክላክስ፣ ዝም በይ።"

መርፌው ሲገባ ግን እጄን ነው የያዙት።

ቱቦዎቹ የተለያየ ክዳን አላቸው። ሴትዮዋ እያንዳንዱ ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው አለች። አባባ ሐምራዊዋን ጠረጠሯት። ፈታኝ ናቸው፣ ይሸታቸዋል።

"ይቺስ ምን ትጠይቃለች?"

"እሷ ያለፈውን ነው የምትጠይቀው" አለችና ፈገግ አለች።

እንደወጣን ወዲያው ሻይ ቤት። አራት ማንኪያ ስኳር። ከኮታቸው ኪስ ብስኩት ወጣ፣ ሻይ ውስጥ ጠልቆ ገባ። "ፈተናው አለቀ!" አሉ፣ አፋቸው ሞልቶ።

ጥቅምት 15

ውጤት።

ሐኪሙ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። "የባዶ ሆድ ስኳር… መቶ ስምንት። ብዙም መጥፎ አይደለም።"

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግታቸው ከጆሮ እስከ ጆሮ!

ሐኪሙ ገጹን ገለበጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

"አባቴ፣ ላለፉት ሦስት ወራት ምን ሲበሉ ነበር?"

"ጎመን።"

"ሦስት ወር ሙሉ?"

"…መጨረሻው አካባቢ።"

እማዬ መሳቋን በሳል ሸፈነች። እኔ መሸፈኛ አላገኘሁም።

ሐኪሙ አስረዳ። ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይ ይለጠፋል፣ ሴሉ ደግሞ ሦስት ወር ያህል ይኖራል። ስለዚህ ይህ ቁጥር የዛሬን ጠዋት ሳይሆን የሦስት ወሩን አማካይ ነው የሚናገረው። ከሰባት ተኩል በታች ነው የምፈልገው አለ። የአባባ ዘጠኝ ነጥብ አንድ።

"ደሜ ውስጥ ካሜራ አለ ማለት ነው?"

"እንደዚያ ይበሉት።"

አቤት! የከተማው ፈታኝ በሐምራዊ ክዳን ተያዙ!

ቀጥሎ ግን ሳቄ ጠፋ። ሲአርፒው ከአምስት በታች መሆን ሲገባው አርባ አንድ። ያለቀ ጉልበት ብቻውን ይህን ያህል አያወጣውም አለ ሐኪሙ። የሆነ ቦታ ሌላ ነገር አለ። እግራቸውን አገላብጦ አየ፣ ሳንባቸውን አዳመጠ፣ ሽንት አስመረመረ። ምንም።

"ጥርስዎስ?"

"ብረት!" አሉ አባባ። አፋቸውን ሳይከፍቱ። እንዴት እንደቻሉት እንጃ።

የስኳር ክኒን ታዘዘ። ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ። ሁለቱም ቁጥር ካልወረደ ጉልበት የለም።

አክስቴ በስልክ፦ "ጥር አጋማሽ ላይ ሻንጣ ይዤ እመጣለሁ! ወይ ለሐኪም ቤት፣ ወይ ለእኔ ቤት!"

ጥቅምት 16

ወሰንኩ። አባባ የትም አይሄዱም።

ከመሳቢያቸው ያቺን የድሮ የፈተና ሰሌዳ አወጣሁ። ጣውላ ናት፣ ወረቀት የሚይዝ ብረት ከላይ አላት። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ቀረብኩ።

"ያን ከየት አመጣሽው?"

"ከዛሬ ጀምሮ ፈታኝ እኔ ነኝ።"

"በማን ሥልጣን?"

"በሐምራዊ ክዳን።"

ሳቁ። ወዲያው ግን እጃቸው ወደ ስኳሩ ሄደ።

"አባባ፣ ቀይ መብራት።"

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ቆመ… ተመለሰ። ሻዩን ያለ ስኳር ሲጠጡ ፊታቸው ላይ የታየውን ጥላቻ እስከማረጅ አልረሳውም።

ጥቅምት 24

ከኮታቸው ኪስ ብስኩት። ከትራሳቸው ሥር ብስኩት። ከሬዲዮው የባትሪ ክፍል ውስጥ… ብስኩት!

"ሬዲዮው ተበላሽቷል ብዬ ነበር፣ ለካ ተርቦ ነው" አለች እማዬ።

"ሞተር ያጥፉ" አልኳቸው። "ይውረዱ።"

ኮስተር አሉ። በሕይወታቸው ማንም ይህን ብሏቸው አያውቅማ።

"ይግባኝ አለኝ።"

"ለማን?"

አሰቡ፣ አሰቡ። "ለአክስትሽ" ሊሉ ነበር፣ ዋጡት።

ኅዳር 2

ዛሬ ቀን ሙሉ አልወደቁም። ተኮራርፈናል ግን።

ኅዳር 8

ስኳሩን ልጠብቅ እችላለሁ። ሲአርፒውንስ? ምን እንደሆነ ያልታወቀን ነገር እንዴት ይጠብቁታል?

ከትምህርት ቤት ስመለስ ላቦራቶሪው ጋ ጎራ አልኩ። ሰፊዋ ሴትዮ ሻይ እየጠጣች ነበር።

"የአያቴ አርባ አንድ ከየት ነው የመጣው?"

"እኔ ጭሱን ነው የምለካው የኔ እመቤት። እሳቱ የት እንዳለ ደሙ አይናገርም።"

"ታዲያ እንዴት ይገኛል?"

"የት የት እንደሚጠነቀቁ እዪ። ሰው የሚያመውን ቦታ ሳያውቀው ይጠብቃል።"

እኔ እኮ አባባን ስጠብቅ የምሰልለው እጃቸውን ብቻ ነበር። ከነገ ጀምሮ ሁሉንም። አካሄዳቸውን፣ አተኛኘታቸውን፣ አበላላቸውን…

ኅዳር 12

ተገኘ!!!

ነገሩ የተያዘው በካሮት ነው። ላለፉት ቀናት ለመክሰስ በብስኩት ፈንታ ጥሬ ካሮት እሰጣቸው ነበር። ሁሌም ሳህኑ ባዶ ይመለሳል። ኮራሁባቸው። ለእማዬም "አየሽ፣ ፈታኝ ሲያገኝ ሁሉም ይማራል" እያልኩ ጉራዬን ነዛሁባት።

ዛሬ መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ ውሃ ላጠጣ ስል አፈሩ ውስጥ ብርቱካናማ ነገር አየሁ። ቆፈርኩ። ካሮት። ሌላ ካሮት። የካሮት መቃብር!

ልጮህ ነበር። ግን ቆምኩ… አንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ሞክረዋል ማለት ነው። ነክሰው፣ ትተውታል። ለምን?

ምሳ ሰዓት ሳልናገር አየኋቸው። ዳቦውን ወጥ ውስጥ ያርሱታል። በግራ ብቻ ነው የሚያኝኩት። ሩዝ ይወዳሉ፣ ሥጋ "አልፈልግም"። ብስኩቱን ሻይ ውስጥ የሚያጠልቁት በፍቅር አይደለም ለካ! ጠንካራ ነገር መብላት ስለማይችሉ ነው። ለስላሳ ለስላሳውን ሲመርጡ ደግሞ ጣፋጩ ላይ ያርፋሉ።

"አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ።"

"ለምን?"

"ብረቱን ልየው።"

አፋቸውን ገጥመው በከዘራቸው በሩን አሳዩኝ። በእሳቸው ቋንቋ፦ ውረጂ።

ኅዳር 13

ዛሬ ጠዋት በሩን ዘግቼ መሐል ላይ ቁጭ አልኩ። እስኪናገሩ ድረስ ኮሪደር የለም፣ ሬዲዮ የለም።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ። "አንዱ ያመኛል። በስተቀኝ፣ ከታች። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ።"

"ታዲያ የጥርስ ሐኪም እኮ መንገዱን ተሻግሮ ነው! ከመስኮታችን ይታያል!"

"እሱ ነው ችግሩ።"

"ምን?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሴትዮዋን ጥያታለሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት።"

ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ። አባባ ግን አልሳቁም።

"አንቺ ትስቂያለሽ። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አፌ ተከፍቶ፣ እሷ መሰርሰሪያ ይዛ… አስቢው እስቲ።"

"ሌላ ሐኪም ጋ እንሂዳ።"

"ሌላው ከገበያው ጀርባ ያለው ነው።"

"እና?"

"እሱን አምስት ጊዜ።"

ኅዳር 14

አክስቴ ደወለች። አባባ ራሳቸው ስልኩን አነሱ። ክፍሉን ቀለም አስቀብታለች። ሰማያዊ። አልጋው ዝቅ ያለ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ነው፣ ግቢው ውስጥ የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ… ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው።

"ጥሩ ነው" አሉ አባባ። "ደግ አድርገሻል ልጄ።"

ጥሩ ነው? እንዴት ነው ጥሩ የሚሆነው?

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ውሃውን ከፈትኩት፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ከዘራቸው ኮሪደሩ ላይ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ… በሩ ጋ ቆመ።

"ክላክስ። ድምፅሽ ጠፋ። ባትሪ አለቀ?"

ቧንቧውን ይበልጥ ከፈትኩት።

"ክፍሉ የአንቺ ብቻ ይሆናል እኮ። ስትመኚ አልነበር?"

"ማን ያንኮራፋልኛል?" አልኩ። ለማለት ያሰብኩት ሌላ ነበር። ይሄ አመለጠኝ።

ከዘራቸው አንዴ ጠክ አለ። ውሃው ብቻ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያቺ ሴትዮ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?"

ኅዳር 17

ዛሬን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ኮታቸውን ለበሱ፣ ፀጉራቸውን አበጠሩ። ደረጃውን ስንወርድ አንድም "እህ" አላሉም። በፍርሃት ይሁን በኩራት እንጃ። መንገዱን ስንሻገር ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ እንደገና ግራ አዩ። መኪና እንዲመጣ የፈለጉ ይመስል ነበር።

የጥርስ ሐኪሟ ትንሽዬ ሴት ናት፣ ጭንብሏ ፊቷን ሁሉ ይውጠዋል። ካርዱን አነበበች። ቀና አለች። ጭንብሉን ወደ አገጭዋ አወረደች።

"እርስዎ ነዎት!"

"እኔ ነኝ" አሉ አባባ፣ ለፖሊስ እጅ እንደሚሰጥ ሰው። "ታስታውሺኛለሽ?"

"ሦስት ጊዜ ጥለውኝ እንዴት እረሳለሁ?"

"መስታወት አታዪም ነበር።"

"አላይም ነበር።"

እኔ መውጫውን በዐይኔ ለካሁ።

ሴትዮዋ ከትሪው ላይ እጀታ ያላትን ክብ ትንሽዬ መስታወት አንሥታ አፍንጫቸው ፊት ያዘች። "ይኸው፣ ይዩ። ዛሬ የምጀምረው በስፖኪዮ ነው።"

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ለመሳቅ ይሁን ለምርመራ አልታወቀም፤ እሷ ግን ዕድሉን አላሳለፈችም፣ መስታወቷን ይዛ ገባች።

ወንበሩ ወደ ኋላ ሲተኛ ሁለቱን የክንድ ማረፊያ እንደ መሪ ጨበጧቸው።

"ኧረ አባቴ! ይህን ይዘው ነው የሚዞሩት? ሥሩ መግል ቋጥሯል። ድዱም ተቆጥቷል።" ወደ እኔ ዞረች። "የደም ምርመራ ነበራቸው?"

"ሲአርፒ አርባ አንድ!" አልኩ። የሒሳብ ውጤቴን እንኳ እንዲህ በኩራት ተናግሬ አላውቅም።

"ይገርማል? እንዲህ ያለ ነገር ስኳሩንም አልታዘዝ ያሰኘዋል። መውጣት አለበት።"

ማደንዘዣ ወጋቻቸው። እጄን ያዙ። እጄ ፍሬን ቢሆን ኖሮ መኪናው እዚያው በቆመ ነበር… ጣቶቼ እስካሁን ይጠዘጥዙኛል። አንድ "ቀጭ" የሚል ድምፅ። አለቀ።

ሴትዮዋ ጥርሱን በመቆንጠጫ ከፍ አድርጋ በመብራቱ አየችው። "ሞተሩ ጠፍቷል" አለች። "ወርዷል።"

አባባ በጥጥ በተሞላ አፋቸው የሆነ ነገር አሉ። ስድብ ይመስለኛል። ግን ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መድኃኒቱን ስትጽፍልን ትዝ አለኝ። "ኋላ አልፈዋል አይደል? ያኔ አባባ ምን አሉዎት?"

ብዕሯ ቆመ።

"በአራተኛው ጊዜ ነው። መንገዱን ጨርሼ 'ውረጂ' የሚለውን እየጠበቅኩ… እጄን ከመሪው አላነሣሁም። አንዴ አዩኝና 'ወደ ቤት ንጂ' አሉኝ። የፈተና ጣቢያውን ቤት ነበር የሚሉት። እሳቸውን አጠገቤ አስቀምጬ እኔው ነድቼ መለስኳቸው። ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም። የሠርጌን ቀን እንኳ እንደዚያ አላስታውሰውም።"

አባባን አየኋቸው። መስኮቱን ያያሉ። ጥጡ ስላለ ነው ዝም ያሉት… ይሆናል።

ኅዳር 26

ካሮት። በሁለቱም በኩል። ሰማሁት! ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ!

አበባዋን ለማንኛውም ቆፈርኳት። ንጹሕ ናት።

ታኅሣሥ 9

ከዚህ በፊት የማይበሉት ቆሎ፣ ሰላጣ፣ ሥጋ… ሁሉ ገባ። ኮሪደሩን በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠውም እግራቸውን እያነሱ ያወርዳሉ። እማዬ ቀሚስ እየሰፋች "ይህ ኮሪደር ከመኪና መንገድ ባሰ" ትላለች።

"እማዬ፣ መንጃ ፈቃድ አታወጪም?"

አባባን በዐይኗ ጠቆመች። "እሳቸው ይታረቁኝ መጀመሪያ።"

"ቀኝ ስትዞሪ ፍሬቻ አላሳየሽም ነበር" አሉ አባባ ከኮሪደሩ መጨረሻ። ስንት ዓመት አለፈው!

ታኅሣሥ 20

ወድቀዋል። የጎረቤት ልጅ ልደት፣ ኬክ፣ ሁለት ቁራጭ። ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ። ሰሌዳዋን እስካነሣ ቆመው ጠበቁ።

"ይውረዱ" አልኩ፣ ሳልጨክን።

"ነገ ድጋሚ እፈተናለሁ" አሉ። ይግባኝ የለ፣ ምን የለ።

እኔ በሒሳብ ስወድቅ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ? አላውቅም። ዛሬ መጽሐፉን ከፈትኩት። ለእሳቸው እንዳይነገር።

ጥር 14

ዛሬ ደም ተሰጠ። ትናንትና ምሳ ላይ ሩዝ በላን፣ እንደ ማንኛውም ቀን።

"አባባ፣ ጎመን አያጠኑም?"

"ያጠናሁትን አጥንቻለሁ።"

መርፌው ሲገባ ኮርኒሱን አላዩም። ሐምራዊዋ ክዳን ስትመጣ ቀና ብለው አዩዋት። ለእሷ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ የሰጡ መሰለኝ።

ጥር 16

አክስቴ ጠዋት ገባች። ከነሻንጣው። ባዶ ሻንጣ ነው፣ የአባባን ልብስ ሊወስድ የመጣ። በሩ ጋ አስቀመጠችው። ስወጣ እግሬን መታኝ። ሆን ብዬ መልሼ መታሁት።

ሁላችንም ሄድን። የሐኪሙ ክፍል ጠበበን። አባባ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። የተቀመጡት ልክ ተፈታኞቻቸው ይቀመጡ እንደነበረው ነው፣ ጉልበት ገጥሞ፣ ዐይን ወረቀቱ ላይ።

ሐኪሙ አነበበ። ገለበጠ። ለምንድን ነው ሐኪም ሁሉ ቀስ ብሎ የሚገለብጠው?

"ሲአርፒ… ሦስት።"

እማዬ እጄን ያዘች።

"የሦስት ወር ስኳር…" መነጽሩን ማውለቅ ጀመረ። ከእጁ ልነጥቀው ነበር! "ሰባት ነጥብ ሁለት።"

ሁላችንም ወደ አባባ ዞርን።

"አልፌያለሁ?" አሉ አባባ። ቀጭን ድምፅ። የአንድ ትንሽ ልጅ ድምፅ።

"አልፈዋል አባቴ። የካቲት ላይ እናስገባዎታለን።"

አክስቴ እየጮኸች አለቀሰች፣ ነርሷ ሰው የሞተ መስሏት በር ከፈተች። "ሰማያዊ ቀለም እኮ ነው ያስቀባሁት!" ትላለች ደግሞ። ደስታ ነው ኀዘን? ሁለቱም።

"ቀለምሽ አይባክንም" አሉ አባባ። "ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደረጃ እስክችል አንቺ ጋ ነው የማገግመው። ከዚያ እመለሳለሁ።"

የመጨረሻዋን ቃል ሲሉ ያዩት እኔን ነው።

የካቲት 4

ገቡ።

…

ወጡ! ዐይናቸውን ሲገልጡ የመጀመሪያ ቃላቸው፦ "ማን ነበር የነዳው?"

የካቲት 9

አክስቴ ወሰደቻቸው። ክፍሉ የእኔ ብቻ ነው። አልጋቸው ላይ ልብሴን በተንኩ፣ መብራቱን እንደፈለግኩ አበራሁ፣ ሙዚቃ ጮክ አድርጌ ከፈትኩ።

ከዚያ ዘጋሁት። ይሄ ሁሉ ጸጥታ የት ነበር?

ስልክ ላይ አክስቴ፦ "ጓሮውን ሁለት ጊዜ ዞሩት! አግዳሚውን 'ወድቋል' አሉት!"

እየዳኑ ነው።

መጋቢት 2

አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም።

አክስቴ ያመጣቻቸው ታክሲ በር ላይ ሲቆም ታች ደርሼ ነበር፣ ሰሌዳዋ አንገቴ ላይ። አባባ ወረዱ። ቀጠን ብለዋል። ከዘራቸው በእጃቸው ነው፣ ግን የሚደገፉት አይመስሉም፣ የያዙት ለጌጥ ነው። እማዬ ሥራዋን ትታ መጥታለች። አክስቴ ሻንጣውን ተሸክማ ከኋላ ታማርራለች። የጥርስ ሐኪሟም ከመንገዱ ማዶ በር ላይ ወጥታ ቆማለች፣ ጭንብሏ አገጭዋ ላይ።

አባባ የመጀመሪያው ደረጃ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ላይ አዩ። አራት ፎቅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ጠበቁ።

የምቀልደው ብዙ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ። ፍሬቻ፣ ቀበቶ፣ የአዲስ ጉልበት መለማመጃ ታርጋ… አንዱም አልመጣልኝ አለ።

"አባባ" አልኳቸው፣ "ወደ ቤት ይንዱ።"

የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ከዚያ ወደ ኋላቸው ዞረው አክስቴን፣ ሻንጣዋን፣ መንገዱን፣ ሐኪሟን አዩ። ስፖኪዮ ማየታቸው ነው። እግራቸውን አነሡ።

አጠገባቸው ሆኜ ወጣሁ። አልያዝኳቸውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያ ግድግዳ፣ ያ ቀለሙ የተላላጠው፣ ዛሬ ማንም ሳይፈትነው ቀረ።